ሰላምታዬን ዜና ስላደረጋችሁልኝ

ለተከበሩ የሕዝብ ቴሌቪዥን ዜና ክፍል ኃላፊ፤

ጤናዎ ይብዛ፣ ወንበርዎም ይጽና። እኔ የሰባ ዘጠኝ ዓመት ሽማግሌ ነኝ፤ ሚስቴን ከቀበርኩ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖኛል። ዛሬም ድንጋይ እጠርባለሁ፤ ውሃ በተገኘ ቀን ልብሴን ራሴ አጥባለሁ፤ ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ ቢሆንም ይህን ደብዳቤ ማንም አልጻፈልኝም።

የዛሬ አሥራ ሁለት ቀን ጋዜጠኛዎ ካሜራ አስከትሎ ደጄ ድረስ መጣ። በእኔ ቤት እንግዳ ሳይመሰገን ጉዳይ አይነሳምና፣ «እናመሰግናለን፣ እግዜር ይስጥልን፣ ደክማችሁ መጣችሁልን» አልኩት። ከዚያ ወደ ጉዳዩ ገባሁ። ቧንቧችን ከደረቀ ስድስት ወሩ እንደሆነ፣ አዋላጇ ልጄ በጤና ጣቢያው እጇን የምትታጠብበት አጥታ ከሰፈሩ ሴቶች ጋር ባዶ ጀሪካን ይዛ ከንቲባው ደጃፍ እንደቆመች፣ አንድ በአንድ ተናገርኩ።

በዜናችሁ ከንቲባው ለአዲስ የውሃ መስመር ሪባን ሲቆርጡ አየን። ቀጥሎ እኔ፦ «እናመሰግናለን፣ እግዜር ይስጥልን!» አከተመ። ከእኔ በኋላ ልጄና ጓደኞቿ ከነጀሪካናቸው ታዩ፤ ድምፃቸው ጠፍቶ፣ «ጥቂት የልማት እንቅፋቶች» ተብለው አለፉ።

ስለዚህ በትሕትና፦

አንደኛ፣ ሚዛናዊነታችሁን አደንቃለሁ። የሁለቱንም ወገን ሐሳብ አሰምታችኋል፤ የከንቲባውንና የምክትላቸውን።

ሁለተኛ፣ ሃምሳ ዓመት ግንበኛ ነበርኩ። የግድግዳን ቀጥታ ልለካ ቱንቢ ስጥል የሹም ነው የድሃ ብዬ ጠይቄ አላውቅም። የናንተ ቱንቢ ግን ባለቤቱን አይቶ ያዘነብላል። እንዲህ ያለ ዕቃ ሳላይ ልሞት ነበር፤ ባለውለታዬ ናችሁ።

ሦስተኛ፣ ሰፈሩ «አባ እናመሰግናለን» የሚል ስም አወጣልኝ። የውሃ ወረፋ ስቆም የማዶዋ ልብስ ሰፊ፣ «አባ እናመሰግናለን፣ እርስዎማ ውሃው ገብቶልዎት የለ? እዚህ ምን ይሠራሉ?» ትለኛለች። ይህን እችለዋለሁ። ልጄ ግን ደውላ፣ «አባዬ፣ አንተም በእኔ ላይ?» አለችና ዘጋችብኝ። ከዚያ ወዲህ ድምፅዋን አልሰማሁም። ከእናቷ በኋላ ያለችኝ እሷ ብቻ ናት። ይህንን በየትኛው ዜናችሁ ታቃኑልኛላችሁ?

የተናገርኩትን ሙሉውን፣ በዚያው ሰዓት አሰሙልኝ። አይሆንም ካላችሁ የናንተን ዕዳ እናንተ ታውቃላችሁ፤ የእኔን ራሴ እከፍላለሁ። ለልብስ ሰፊዋ፣ ወረፋው እስኪያልቅ እውነቱን መንገር። ለልጄ ጓደኞች፣ ከፊታቸው ቆሜ አንድ ባዶ ጀሪካን መያዝ። ለልጄ፣ እስክትከፍትልኝ በሯ ላይ መቆም። ለካሜራችሁ፣ ተመልሶ ከመጣ፣ አንድም ምስጋና የሌለበት ንግግር።

ከታላቅ አክብሮትና ከደረቀ ጉሮሮ ጋር፣
ሽማግሌው ግንበኛ፣ ከደረቀው ቧንቧ አጠገብ

ማስታወሻ፦ መቁረጥ ልማዳችሁ ስለሆነ ሥራ ላቅልልዎ። ከላይ «ጤናዎ ይብዛ» ያልኩት ከልቤ ነው። «ወንበርዎም ይጽና» የሚለውን ግን ቆርጣችሁ ጣሉልኝ።