ክብ ያልሆኑ ኳሶች

ሚዛን ተፈሪ፣ ግንቦት 12 ቀን 2006

ሀይደርዬ፣ ንዴቴ ሳይበርድልኝ ነው የምጽፍልህ። የአጎቴን ልጅ ገሠሠን ታስታውሰዋለህ? በስደት ካምፓላ አድጎ ለኡጋንዳ ብሔራዊ ቡድን ዘጠኝ ዓመት ራግቢ የተጫወተው። ትከሻው ሁለቴ ወልቆ ጨዋታ ሲያቆም፣ የተወለድኩበትን ከተማ ልጆች አሠለጥናለሁ ብሎ አሥራ ሁለት የራግቢ ኳስ ተሸክሞ መጣ። ኳሶቹን እዚህ ላለ አንድ መሥሪያ ቤት በስጦታ አስረከበ። ዛሬ አብሬው ብሄድ፣ የንብረት ክፍሏ ሴትዮ ቃለ ጉባኤ አነበበችልን፦ «ኳሶቹ ክብ ባለመሆናቸው እንዲወገዱ ኮሚቴው ወስኗል።» አስበው! ስድስት ሰው ፈርሞበታል፤ አንድም ሰው ግን ወርውሮ አላያቸውም። ጨዋታው እንዲህ ባለ ሞላላ ኳስ ነው እኮ ብዬ ጮህኩ። «ወንድሜ፣ ክብ አድርጋችሁ ካመጣችኋቸው እንቀበላለን» አለችኝ። ገሠሠ ግን በዚያ በጨዋታ በተሰበረ ጣቱ ማስወገጃውን ፈረመላት! እኛ ሐዋሳ በካልሲ ኳስ ስንጫወት ክብ አይደለም ያለን ማን ነበር?

ቦታ አለቀብኝ። ለሐፍሳና ለእማማ ሰላም በልልኝ። ሴትዮዋ ማኅተም ስትፈልግ አንዷን ኳስ ሰርቄያለሁ። ክብ ስላልሆነች ቦርሳዬ ውስጥ ልክክ ብላለች።

ብሩክ