አረፋ ያልወጣው ሞተር

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

ሰላምታዬ በሙሉ ጤና ያግኝሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ ቤቱም ደህና ነው፣ ጸጥታው ብቻ በዝቷል። አልጋዬን ከፎቅ ወደ ምድር ቤት አውርጄዋለሁ። ደረጃው ይህን ያህል ረጅም መሆኑን ድሮ አላስተዋልኩም ነበር።

አብረን የሠራናት ትንሿ የመጫወቻ አውሮፕላን ሞተሯ አስቸግሮኛል። ይነሣና ከልኩ በላይ ይጮኻል፣ ወዲያው ይጠፋል። ይህ ሞተር በማይገባው ቦታ አየር ሲስብ የሚያመጣው ጠባይ መሆኑን ታስታውሻለሽ። ስለዚህ እንደ ደንቡ ሌሎቹን ቀዳዳዎች ደፍኜ፣ በነዳጅ መግቢያው ላይ ቀጭን የጎማ ቱቦ ሰካሁና ሞተሩን ውሃ ውስጥ ነክሬ ነፋሁ። ደጋግሜ ብነፋም አንድ አረፋ አልወጣም። "እንግዲያው ጥፋቱ የነዳጅ ታንኩ ነው" ብዬ ታንኩን በከንቱ ፈታሁት።

ጎረቤታችን በያጁ መጥቶ ሲያየኝ፣ "እስቲ ያምጡት ጋሼ" አለና ቱቦውን ተቀብሎ እፍ አለበት። ወዲያው በሞተሩ የኋላ ክዳን ዙሪያ አረፋው ተግተለተለ።

"ጋሼ፣ የሚያፈሰው ሞተሩ ነው ወይስ እርስዎ?" ብሎ ሳቀብኝ።

እኔም መሳቅ ጀመርኩ፤ ግን አልጨረስኩትም። እሱም ሳቁን ትቶ ወንበር አቀረበልኝ፤ ትንፋሼ እስኪረጋጋም ድረስ አልሄደም።

የተበላው የክዳኑ ማሸጊያ ጎማ ነው። እዚህ ልኩ የለም፤ እዚያ ግን አታጪውም። በፖስታ አትላኪው፣ መንገድ ላይ ይጠፋል። እረፍትሽን ትንሽ ቀደም አድርገሽ ራስሽ ይዘሽልኝ ብትመጪ ይሻላል።

እስከዚያው በደህና ያቆይሽ፤ ያቆየን።

ናፋቂሽ አባትሽ