የእንጀራ ገመድ በእንግሊዝኛ

አባዬ፣

ከሄድክ ይኸው ሁለተኛው በረዶ ቀለጠ። እንዴት ነህ ብዬ አልጠይቅህም፤ መልስ ከሰጠኸኝ ከሰፈራችን ከኢስትሙር ኦቤትስ ከተማ ድረስ በእግሬ ነው የምሮጠው።

እማዬ ደህና ናት። አሁንም ሽማግሌዎችን ትንከባከባለች፤ ወዳንተ ሊመጣ የተነሳውን ሁሉ እየጎተተች ትመልሳለች። መኪናህን የምነዳው እኔ ነኝ። ወንበሩን መንካት ግን ክልክል ነው፤ "እሱ እንዳስቀመጠው ይቀመጥ" ብላለች። አንተ ደግሞ፣ አትቀየመኝና፣ አጭር ነህ። ጉልበቴ ከመሪው ጋር እየተላተመ፣ እንደታጠፈ ካርቶን ሆኜ ነው ሥራ የምገባው። ሥራ ስልህ ያው ያንተው ዌርሃውስ ውስጥ፣ ባንተው ፎርክሊፍት ዕቃ እያነሱ መደርደር ነው። "የአባትህን ቦታ ትፈልጋለህ?" ሲሉኝ እማዬ ከእኔ ቀድማ የስ አለች። አንተም ሆስፒታል ተኝተህ የመጨረሻ ምክርህ "የእንጀራ ገመድህን እንዳትበጥስ" ነበር። የሰው አባት "እወድሃለሁ" ብሎ ይሞታል።

ፍራጃይል የሚለውን የዕቃ ቴፕ ጀርባህ ላይ ለጥፌብህ ቸርች የሄድከው ትዝ ይልሃል? ፓስተሩ ሳይቀር አይቶ ዝም አለ። "ተሰባሪ ዕቃ" ተብለህ ስትዘምር ዋልክ። ቤት ስንገባ ልትመታኝ ተነስተህ ሳቅ አሸነፈህ። በኋላ ሐኪሙ ስለ ልብህ ሲነግረን ያ ቴፕ ነው ፊቴ ላይ ድቅን ያለው።

ሰሞኑን አለቃችን የማታ ሽፍት መሪ ሁን፣ እስከ ሰኞ መልስ ስጠኝ አለኝ። እማዬ ደስ ብሏት አለቀሰች። እኔ ግን ያን ቀን ዌርሃውሱ በር ላይ መኪናውን አቁሜ መውረድ አቃተኝ። ጉልበቴ ተይዞ እንዳይመስልህ።

ላይብረሪ የሥራ አማካሪ አለች ሲሉኝ ሄድኩ። እማዬን የምታክል ፈረንጅ ሴትዮ ናት፤ ነገር በምሳሌ ካልሆነ አይሆንላትም። "ሙያ መሰላል ነው" አለችኝ። እኛ ጋ ያለ ፈቃድ መሰላል የወጣ ይባረራል አልኳት። "እሺ፣ ሙያ ጉዞ ነው።" እንግዲያው እኔ ቀለበት መንገዱ ሁለት ሰባ ላይ ነኝ፤ ኮለምበስን ስዞር እውላለሁ፣ የምወጣበት ኤግዚት ግን የለኝም አልኳት። ሳቀች። ከዚያ "በእናንተ ቋንቋስ ሥራን ምን ትሉታላችሁ?" ብላ ጠየቀችኝ።

የዳቦ ገመድ ብዬ ተረጎምኩላት። ዳቦ በምን ይታሰራል ብላ ግራ ገባት። ሰው ሥራ ሲያጣ ገመዱ ተበጠሰ እንላለን፣ አባቴም እንዳትበጥስ ብሎኝ ነው የሞተው አልኳት። "ገመዱን አንተ ነህ የያዝከው፣ ወይስ እሱ ነው ያሰረህ?" አለችኝ።

ቀልድ ልጀምር ስል "ገመድ ስትል ምን ይታይሃል?" ብላ ጨመረችብኝ። ባለፈው ንፋስ የጎረቤታችንን ዛፍ ሲሰብረው የመጡት ዛፍ ቆራጮች ታዩኝ። አንዱ ወገቡን በገመድ አስሮ ጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ ያፏጫል። እሱም ታስሯል፤ ግን ስለታሰረ ነው እዚያ ድረስ የወጣው። እሱን በመስኮት ሳይ ሥራ አርፍጃለሁ። ለአማካሪዋ ይህን ስነግራት፣ "ታዲያ ለምን አትጠይቃቸውም?" አለች። ጠየቅኳቸው። ጀማሪ ይቀበላሉ፤ ያሠለጥናሉም።

እሁድ ከቸርች ስንመለስ ለእማዬ ነገርኳት። "አባትህ 'ውረድ አንተ ጦጣ!' እያለ በየዛፉ ሥር ሲለምንህ ኖሮ፣ አሁን በደሞዝ ልትወጣ?" አለችኝ። ገመዱን አልበጥሰውም እማዬ፣ ልወጣበት ነው አልኳት። ከመኪናው ወርዳ ቤት ገባች።

ሰኞ ጠዋት ስወጣ መኪናው ውስጥ አገኘኋት፤ ጎንበስ ብላ ከወንበሩ እጀታ ጋር ትታገላለች። ወንበሩን እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ገፋችው። "ከወደቅህ የምገድልህ እኔ ነኝ" አለችና እንባዋን ይዛ ቤት ገባች። ሄጄ ለአለቃው በቃኝ አልኩት።

ጉልበቴ ተዘረጋ አባዬ። ያንተን ቦታ ግን አላጠፋሁትም። የወንበሩ ሐዲድ ላይ፣ ልክ አንተ ትቀመጥበት በነበረው ቦታ ላይ፣ በእማዬ ቀይ የጥፍር ቀለም ምልክት አድርጌበታለሁ። ቀለሙ በለቀቀ ቁጥር ደግሜ እቀባዋለሁ። እማዬ ቀለሜን ማን ጨረሰብኝ ካለች፣ አባዬ ነው እላታለሁ።

ያንተው ጦጣ