ያሳበብክብኝ ስድስት ሰዓት

ለአማኑኤል አባት፣

ከተለየኸን ስምንት ወር ሆነ። ደኅና ነህ ወይ ብዬ አልጠይቅህም፤ አንተ ዐርፈሃል፣ ጣጣህን ተሸክሜ የቀረሁት እኔ ነኝ። ዘመን መለወጫችን ጊፋታ ያለ አንተ አለፈ። አማኑኤል ቁመትህ ላይ ደርሶ ሱሪህን ይለብሳል። የግቢው በር እንደተንጋደደ ነው፤ ነገ እሠራዋለሁ ያልከው በር ማለቴ ነው።

የምጽፍልህ ግን በቴሌስኮፑ ጉዳይ ነው። በዘመድ ሁሉ ፊት ያዋረድከኝ በእሱ ነውና።

ባለፈው ዓመት ኅዳር፣ ቦዲቲ እናትህ ግቢ ዘመድ አዝማዱን ሰብስበህ ሳተርንን ከነቀለበቱ አሳያችኋለሁ አልክ። መሣሪያው ኮምፒውተር አለው፤ ቦታውን፣ ቀኑንና ሰዓቱን ስትነግረው ራሱ ዞሮ ያነጣጥራል። ነገርከው። እሱም እያጉረመረመ ዞሮ የጎረቤትን ቆርቆሮ ጣሪያ አሳየን። ሰዉ ሲስቅ አንተ ወደ እኔ ዞረህ፣ ሚኒባስ ውስጥ አጋጭታው ነው አልክ። ከሶዶ እስከ ቦዲቲ እንደ አራስ ልጅ ታቅፌው የሄድኩትን ሴትዮ!

ስህተቱ የማን እንደሆነ በሳምንቱ ደረስክበት። ቀኑን በፈረንጅ አቆጣጠር አስገብተህ ሰዓቱን በእኛ አስገብተኸዋል። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል ነው ብለህ 1፡30 ጻፍክ፤ ለእሱ ግን ያ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው፣ 19፡30 መባል ነበረበት። ምድር ደግሞ ቆማ አትጠብቅም። በስድስት ሰዓት ሩብ ዙር ትዞራለች፤ አናታችን ላይ የነበረው ወደ መጥለቂያው ይወርዳል። መሣሪያው ዓይን የለውም፣ በሰጠኸው ሰዓት አስልቶ ነው የሚዞረው። በጥቂት ደቂቃ ብትሳሳት እንኳ ሳተርን ከመስታወቱ ጠርዝ ታመልጥሃለች። እኔ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ፤ የሰዓት ቀጠና በየዓመቱ አስተምራለሁ። አንድ ጊዜ ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት? የፊዚክስ መምህር ሚስቱን አይጠይቅም!

ስትነግረኝ እየሳቅክ ነበር። እኔ አልሳቅኩም። ለእናትህ ንገርልኝ አልኩህ፤ ስንሄድ እነግራታለሁ አልክ። ለገና ሄድን፣ በላህ፣ ጠጣህ፣ ዝም። ሆድህን ሲያምህ ሐኪም ቤት መሄዱን ለነገ እንዳልከው፣ ይህንንም ለነገ ብለህ ሞትክ። በለቅሶህ ላይ እህቶችህ የወንድማችንን ዕቃ የሰበረችው ሲሉኝ በጆሮዬ ሰማሁ። አንተን ላልቅስ ወይስ በአንተ ልናደድ?

ቅዳሜ ቴሌስኮፑን ታቅፌ ቦዲቲ ሄድኩ። ሲመሽ ግቢው ላይ ተከልኩት፣ ሰዓቱን ከስልኬ አይቼ በትክክል አስገባሁ። ዞረ፣ ቆመ። እናትህን ደግፌ ዓይናቸውን አስጠጋሁላቸው። ቀለበቱን አዩ። እህቶችህም ከበውናል፤ እውነቱን ልናገር አፌን ከፈትኩ። እሳቸው ግን እንባቸውን በነጠላቸው ጠርገው፣ ልጄ ሳይሞት ጠግኖት ነው የሄደው አሉ፣ በወላይትኛ።

እውነቱን ዋጥኩና ዓይናቸውን እንደገና አስጠጋሁላቸው።

እንግዲህ ሰባሪዋ እኔ፣ ጠጋኙ አንተ ሆነሃል። ተቃጥያለሁ፤ ይቅርም አላልኩህም። አልረሳህም፣ በዚህ አትስጋ። አማኑኤል ስለ አንተ ሲጠይቀኝ ምንም ሳላስቀር እነግረዋለሁ። እናትህ በሕይወት እስካሉ ግን፣ በእሳቸው ፊት ቴሌስኮፑን የጠገንከው አንተ ነህ።