ድምፆቹ ቤት ሲቀይሩ

ሰኞ፣ ማርች 3

ጉም። ሻይ በቆርቆሮ ወተት። እንደ ወትሮው የማኅበራችንን የድምፅ መዝገብ ከፈትሁ... ገጹ ዛሬም ተንፏቀቀ። ጎልማሳ ሳለሁ በኒውፋውንድላንድ ደሴት ወደቦች እየዞርሁ፣ በየዓሣ አጥማጁ ማድ ቤት ተቀምጬ የቀዳኋቸው ትረካዎች ናቸው። የቴፑን መሽከርከር ማየት ብቻውን ልብ ያሞቅ ነበር። ዛሬ ድምፆቹ በክላውድ፣ በኢንተርኔት ማከማቻ፤ ባለቤቶቻቸው በመቃብር።

ቤቭ ፔኒ ደወለች። ሰርቨራችንን የምትጠብቅልን እርሷ ናት።

«ፕሮፌሰር፣ ሶፍትዌሩ አርጅቷል። እርስዎን ማለቴ አይደለም።»

«ነው እንጂ!»

«አዲስ ስሪት ወጥቷል። በስልክም ድምፅ ያሰማል።»

በስልክ! ወዲያው ጋሽ አምብሮዝ ታልክ ትዝ አሉኝ። ዘጠና አንድ ዓመታቸው። ንግግር አጥርተው የሚሰሙት የጆሮ መሣሪያቸው ከስልክ ጋር ሲገናኝ ብቻ ነው፤ ጆሯቸውም እየደከመ ሄዷል። የሟች ወንድማቸው የጋርላንድ ድምፅ እኛ ዘንድ አለ... ለእርሳቸው ግን የለም። ማን ይቀድም ይሆን? አዲሱ ስሪት ወይስ የጆሯቸው መደንቆር?

ረቡዕ፣ ማርች 5

ጋሽ አምብሮዝ ዘንድ ሄድሁ። የአተር ሾርባ ጋበዙኝ። ወሬውን ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብዬ ጮኼ ነገርኋቸው።

«ጋርላንድ በስልክ? ለካ ሲኦልም ኔትወርክ ደርሶታል!»

እርስዎንም ልቅዳዎት ብዬ ለስንተኛ ጊዜ ለመንሁ።

«ተወኝ አንተ ሰውዬ። ለታልክ ቤት አንድ ለፍላፊ ይበቃዋል።»

ስወጣ ግን ስልካቸውን በሸሚዛቸው ጫፍ ሲወለውሉ አየሁ።

ዓርብ፣ ማርች 7

ቤቭ አዲሱን ስሪት በልምምድ ሰርቨር ላይ ሞከረችው። ሠራ! ጋርላንድ በስልኬ ውስጥ ሲስል ሰማሁ... ጉልበቴ ቢቃወምም ዘለልሁ።

«በይ ዛሬውኑ እንቀይር!»

«ዓርብ? ዓርብ ሰርቨር የነካ ቅዳሜና እሑድ ዕረፍት የለውም። ማክሰኞ ጠዋት። እስከ ቀትር ካልተስተካከለ ወደ ድሮው እመልሰዋለሁ፤ ልመና አልሰማም።»

እስከ ማክሰኞ እንዴት ይዘለቃል?

ማክሰኞ፣ ማርች 11

ከራቫት አስሬ ቢሮዋ ደረስሁ። ለሶፍትዌር ከራቫት? ለበዓል ነው እንጂ። ቤቭ ትእዛዙን ሰጠች፤ ጥቂት ቆይቶ አዲሱ ገጽ ከች አለ። ፈጣን፣ ንጹሕ! ስሞቹም ፎቶግራፎቹም በየቦታቸው። ጋርላንድን ነካሁ... ዝም። ሌላውን... ዝም። ያ ሁሉ ለፍላፊ ዲዳ ሆነ።

«ጠፉ?»

«አልጠፉም፤ መጠባበቂያ ቅጂ አለን። ግን በልምምዱ የሠራ እዚህ ምን ነካው?»

ቀትር ሆነ። ግማሽ ሰዓት ብቻ ጨምሪልኝ አልሁ።

«ደንብ ነው፣ የኔ ጌታ።»

ወደ ድሮው ስሪት መለሰችው። ከራቫቴን መኪና ውስጥ ፈታሁት። ጋሽ አምብሮዝ ደጋግመው ደውለው ኖሯል። ምን ልበላቸው?... አላነሣሁም።

ረቡዕ፣ ማርች 12

ቤቭ እየሳቀች ደወለች።

«አገኘሁት! ድምፆቹ የተቀመጡበት ማከማቻ ለብቻው የተቆለፈ ነው። ለልምምዱ ሰርቨር መግቢያ ፈቃድ ሰጥቼ ለዋናው ረሳሁ። አዲሱ ቤት ተሠርቶ የጓዳው ቁልፍ በእኔ ኪስ ቀረ!»

«ለልምምዱ ቀለበት ይዞ ለሠርጉ ባዶ እጁን እንደ መጣ ሚዜ።»

«ይሣቁብኝ፣ ይገባኛል። ነገ ጠዋት ይምጡ። ከራቫቱም ይምጣ።»

ሐሙስ፣ ማርች 13

ሠራ! ሁሉም ተናገሩ፣ አንድም ሳይቀር!

ከቢሮዋ በቀጥታ ወደ ጋሽ አምብሮዝ ነዳሁ። ስልካቸውን ከጆሮ መሣሪያው ጋር አገናኝቼ ጋርላንድን ነካሁ። የሾርባ ማንኪያቸው በአየር ላይ ቀረ።

«እሱ ነው» አሉ፣ በሹክሹክታ። «እሱ ራሱ ነው።»

በወጣትነታቸው በባሕሩ ላይ የረጋው በረዶ ተሰንጥቆ አምብሮዝ ውኃ ውስጥ እንደ ገቡ፣ ጋርላንድም በኮሌታቸው ጎትቶ እንዳወጣቸው የተረከው ነው። ዕንባቸው ወረደ... እኔም መስኮቱን ተመለከትሁ። ድንገት ጠረጴዛው ጓ አለ።

«ውሸታም! የገባው እሱ፣ ያወጣሁት እኔ! እስኪ ድገምልኝ።»

ደገምሁላቸው። ይበልጥ ተናደዱ፤ ይበልጥም ሣቁ። ከዚያ አፍንጫቸውን አብሰው ወንበራቸውን ወደ እኔ አስጠጉ።

«ያ የመቅጃ ዕቃህ አለ?»

«አለ፣ ጋሼ።»

«ክፈተው። በል እንግዲህ ጋርላንድ፣ ተራው የኔ ነው።»

ጀምበር እስክትጠልቅ አላቆሙም።