የኳየሩ ቅባትና የሀሴት ጉንጭ

ማክሰኞ

ተመልሶ መጣ። ጠዋት ሀሴትን ፊቷን ሳጥባት አየሁት፤ ያ ጠፋ ብዬ ለጎረቤት ሁሉ ያወራሁለት ጭርት። ያኔ እንደ ሳንቲም ክብ ነበር። አሁን ዳሩም አይታወቅም፤ ጉንጯ እስከ ጆሮዋ ቀልቷል። ልጄ ገና ዘጠኝ ወሯ ነው።

እሑድ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ቀርባ የምትባረክበት ቀን ነው። ነጭ ቀሚሷ ተገዝቷል። አባቷ በረከት ከሚሠራበት የቴፒ ቡና እርሻ ፈቃድ ጠይቋል። አማቴም ከሸዋ ቤንች መጥተዋል።

ቅባቱን ደግሜ ቀባኋት። ስስ አድርጌ። (ማንን ነው የማታልለው? ስስ አልነበረም።)

ረቡዕ

ቅባቱ የኳየሩ ነው። በከተማችን በሚዛን ክረምት ጋዋኖቻችን አይደርቁም። እርጥቡን ለብሰን እንዘምራለን፤ እጃችን የገባውን አንስተን እንለብሳለን። አንገታችን ላይ ጭርት ሲወጣ አንዷ እህት ከመድኃኒት ቤት ቲዩብ ገዝታ መጣች። በሁለት ቀን ማሳከኩ ጸጥ! ከዚያ ወዲህ ቲዩቡ ከጋዋኖቹ ጋር ቁም ሣጥን ውስጥ ይኖራል፤ የሳከከው ይቀባል፣ ሲያልቅም አዋጥተን እንገዛለን። አሥራ አራት ዘማሪ፣ አንድ ቲዩብ። ፍቅራችን ለጉድ ነው።

እኔም ሲሻለኝ እየተውኩ፣ ሲመለስ እየቀባሁ ከረምኩ። ሀሴት የምትተኛው አንገቴ ሥር ተወሽቃ ነው። ከእኔ እንደያዛት የገባኝ ዛሬ ነው። ጉንጯ ላይ ሲወጣባት ቲዩቡን ቤት ይዤው መጣሁ። ይኸው አሥራ ሁለት ቀኔ። አንድ ሰው አልጠየቅሁም።

ሐሙስ

ጤና ጣቢያ ሄድን። ቲዩቡን ለሲስተሯ አሳየኋት።

«ይሄን ፊቷ ላይ ነው የቀባሽው?» አለችኝ። አልተቆጣችም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ከጉንጯ ላይ ቅርፊት ፍቃ አስመረመረች፤ ፈንገስ ነው።

ሳልረሳው ልጻፈው። ቅባቱ ውስጥ ሁለት መድኃኒት አለ። አንዱ ፈንገሱን ይገድላል፤ ሌላው ስቴሮይድ የሚሉት ነው፣ መቅላትና ማሳከክን ያበርዳል። ሲበርድ የዳነ ይመስላል፤ ፈንገሱ ግን ከሥር ይስፋፋል። ስቴሮይዱ ሲቆይ ቆዳ ያሳሳል። ለሕፃን አይሆንም፤ ፊትና ዳይፐር የሚታሰርበት ቦታማ ጭራሽ። አዋቂም ቢሆን ባለሙያ ሲያዝለት ብቻ፣ ስስ አድርጎ፣ ገላው ላይ ቢበዛ ሁለት ሳምንት። ካልተሻለው ተመልሶ ይታያል እንጂ ከራሱ አይጨምርም።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ። የእኔ ግን ጉድ ነው፤ በሽታውን የደበቀው ራሱ መድኃኒቱ።

ስቴሮይድ የሌለበት ክሬም ሰጠችን። ጠዋትና ማታ፤ ጠፋ ብዬም እንዳላቆም፣ እሷ በቃ እስክትለኝ። ለአንገቴም እንደዚሁ። «የድሮውን ስታቆሚ ለጥቂት ቀን ሊብስባት ይችላል። ደንግጠሽ እንዳትመለሺበት» አለችኝ።

ዓርብ

ባሰባት። ጉንጯ ቲማቲም መስሏል። ታካለች፣ ታለቅሳለች። ጥፍሯን ቆረጥኩላት።

አማቴ አላስችል አላቸው። «ልጄ፣ ያ ቀድሞ ያዳናትን ቀቢያት። ለእሑድ ብቻ። ሰው ምን ይላል?» ክፋት የላቸውም፤ የልጅ ልጃቸው አምራ እንድትታይላቸው ነው።

እውነቱን ልጻፍ። ቲዩቡን አወጣሁት። ክዳኑንም ከፈትኩት። ለእሑድ ብቻ፣ ለእሑድ ብቻ እያልኩ ሀሴትን ወደ መስኮቱ ይዣት ሄድኩ። በብርሃኑ ጉንጯን ሳየው ከቆዳዋ ሥር ክር የሚያካክሉ ቀያይ የደም ሥሮች ታዩኝ። ከዚህ በፊት አልነበሩም። ፈራሁ። ቲዩቡን ሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ ጣልኩትና ተቀምጬ አለቀስኩ።

ቅዳሜ

ልምምድ። ቁም ሣጥኑ ሲከፈት ዘማሪዋ ብርቱካን «ቅባቱ የት ገባ?» አለች። ጣልኩት አልኳቸው፤ ምክንያቱንም ነገርኳቸው። በረጅሙ።

«እኛን አድኖን የለ እንዴ፣ እህቴ?» አለ ከበሮ መቺያችን እየሳቀ። ኮሌታህን ክፈት አልኩት። ጭርቱ ወደ ደረቱ ወርዷል። ሳቁ ቆመ።

ከዛሬ ጀምሮ የየራሳችን ጋዋን፤ ታጥቦ፣ በካውያ ደርቆ። የሚያሳክከውም ጤና ጣቢያ። ሦስቱ እሺ አሉ። ሌሎቹ ልምምዱን እንቀጥል አሉ።

በረከት ከሰዓት በኋላ ገባ። ጉንጯን አይቶ «ለሌላ እሑድ እናስተላልፈው?» አለ። ፊቷ ነው የታመመው፣ ኀጢአት አልሠራችም አልኩት። ለራሴም ጭምር ነበር የምናገረው።

እሑድ

አቀረብናት። ሰው አየ፤ የፊተኛው ወንበር ላይ የነበሩት ተንሾካሾኩ። ፓስተሩ ሲጸልይላት ነጭ ቀሚሷን እያኘከች ነበር። እኔ አፈርኩ፣ ደግሞም አላፈርኩም።

ሲያበቃ አንዲት እናት በር ላይ ጠበቀችኝ። ስሟን እንኳ አላውቀውም። ያዘለቻትን ሕፃን አወረደችና የልጇ ጭንቅላት ላይ የታሰረውን ሻሽ ወደ ላይ ገፋ አደረገችው። ግንባሯ በሙሉ ቀይ ነው፤ ዳር የለውም።

«የባለቤቴን የእግር ቅባት ነው የምቀባት» አለችኝ። «ስተወው ይብሳል፣ ስቀባው ይሻላል። ዛሬ ልጅሽን ሳያት ነው...»

ስንት ጊዜ ሆነሽ አልኳት።

«ሦስት ወር።»

ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ጤና ጣቢያው በር ላይ ተቀጣጥረናል። እመጣለሁ ብላለች። ትምጣ ብቻ።