የአባቴን የይለፍ ቃል በመዝገብ ስለያዙልን የቀረበ ምስጋና

ስሙን በአደባባይ ከመጥራት ለተቆጠብኩለት መሥሪያ ቤት፣ የመረጃ ሥርዓት ክፍል ኃላፊ ለሆኑት ለክቡርነትዎ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ክቡርነትዎ ከነቤተሰብዎ፣ ከነሠራተኞችዎና ከነሰርቨርዎ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኔ ገላኔ ሂርጳ እባላለሁ፤ ለቡ መብራት ኃይል አካባቢ የሰው ድረ ገጽ እየጠገንኩ የምተዳደር ነኝ። የምጽፍልዎ ስለ አባቴ ስለ አቶ ሂርጳ ኮርሳ ነው። ከሀና ማርያም በታች ጎመንና ሽንኩርት የሚያለሙባት የቀረቻቸው ቁራጭ መሬት በሌላ ሰው ስም ተመዝግባ ስለተገኘች፣ ተቃውሞ ካላቸው በሠላሳ ቀን ውስጥ በድረ ገጻችሁ ብቻ እንዲያቀርቡ አስታወቃችኋቸው።

አንደኛው ምስጋናዬ ስለ ድረ ገጹ ነው። ተራው አድራሻ፣ የይለፍ ቃላችን በመንገድ እንዳይሰረቅ አስቦ ወደ ተጠበቀው አድራሻ ይመራናል፤ የተጠበቀው ደግሞ ወደ ተራው ይመልሰናል። እንዲህ ስንመላለስ አሥራ ዘጠኝ ቀን አለቀ። ጥፋቱ የአንዲት የኮድ መስመር መሆኑን ስለማውቅ በነፃ ላስተካክል ብዬ ብመጣ፣ የፈቃድ ማመልከቻውን በዚያው ድረ ገጽ ገብቼ እንድሞላ በትሕትና ተነገረኝ።

ሁለተኛው፣ ሲስተሙ የሚከፈተው በመሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተሮች ብቻ መሆኑን ስትደርሱበት፣ ባለጉዳይ ሁሉ የይለፍ ቃሉን መዝገብ ላይ ጽፎና ፈርሞ እንዲሄድ፣ ሠራተኞቻችሁም ገብተው እንዲሞሉለት ማድረጋችሁ ነው። መዝገቡ መስኮቱ ላይ ተዘርግቶ ስለሚውል፣ ተራ ስጠብቅ ከፊቴ የተሰለፉት የአቶ ዳኜ የይለፍ ቃል የበኩር ልጃቸው ስም መሆኑን ለማወቅ በቅቻለሁ። አባቴም ጻፉ። የይለፍ ቃል ለሰው እንደማይሰጥ ሥራዬ ያስተማረኝ እኔ አጠገባቸው ቆሜ እስክሪብቶውን ያቀበልኳቸው ቀኑ እያለቀብን ስለነበር ነው፤ ራሴን ግን ይቅር አላልኩም።

ሦስተኛው ስለ ቅልጥፍናችሁ ነው። ተቃውሟችን በሃያ አራተኛው ቀን ገባ። በሃያ ስድስተኛው ቀን ደግሞ፣ ጎመን ሲኮተኩቱ የዋሉት አባቴ በራሳቸው የይለፍ ቃል ገብተው ተቃውሟቸውን እንደሰረዙ ሠላሳው ቀን ካለፈ በኋላ ተነገረን። ከውጭ መግባት የቻለ አንድም ሰው ስለሌለ ማንን እንደምጠረጥር ግራ ገብቶኛል። አቤት ብንል፣ የይለፍ ቃል እንደ ፊርማ ስለሚቆጠር በፈቃድ የተሰረዘ ተቃውሞ ዳግም አይቀርብም ተባልን።

እኔ መልስ አልጠብቅም። አባቴ ግን አንዳች ነገር አሳስተው የጻፉ ስለሚመስላቸው፣ ወደ እናንተ በመጣሁ ቁጥር በእሳቸው ስም ይቅርታ እንድጠይቅላቸው ይለምኑኛል። እነሆ፣ ይቅርታቸውን አድርሻለሁ።

ሁልጊዜ ክፍት በሆነው መስኮታችሁ ፊት እጅ እየነሳሁ፣
ገላኔ ሂርጳ
ከንፋስ ስልክ ላፍቶ

ድኅረ ጽሑፍ፦ የይለፍ ቃሉን ልንቀይር ብንጠይቅ፣ ለመቀየር መጀመሪያ መግባት ያስፈልጋል ስለተባልን እንዳለ ትተነዋል። የእናቴ ስም ነው። ካረፈች አራት ዓመት ሆኗታል፤ ከእናንተ ዘንድ ስሟን በቃሉ የያዘላት ሰው መኖሩን ስናውቅ በጣም ተጽናንተናል።